ለገና ደመወዝ መቼ ይከፈል? የአሠሪዎች አማራጮች ሲነጻጸሩ

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል። በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ደግሞ ገንዘቡን የሚለቀው በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 30 ነው። ዶሮው ከተበላና ቅርጫው ከተከፋፈለ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ «ከበዓሉ በፊት ክፈሉን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብዛኛው አሠሪ «እሺ» ወይም «አይቻልም» ብሎ ይገላገላል። በሁለቱ መካከል ግን ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ለሠራተኛውም ለድርጅቱም የሚሻለው ብዙ ጊዜ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለግል ድርጅት ባለቤቶች፣ ለሰው ሀብትና ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዎች ነው።

መጀመሪያ፦ የምትከፍሉት በየትኛው አቆጣጠር ነው?

በፈረንጅ ወር የምትከፍሉ ከሆነ ምንም ላታንቀሳቅሱ ትችላላችሁ። ዲሴምበር 31 የሚውለው ታኅሣሥ 22 ነው። ገንዘቡ ከገና ሳምንት ሲቀረው ይደርሳል፤ ከዚህ የተሻለ ቀን መፈለግ አያስፈልግም።

ችግሩ የሚፈጠረው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ውጭ አገር የሆነ ድርጅቶች ጋ ነው። ዋናው ቢሮ ለዲሴምበር 25 ሲዘጋ የሁሉንም አገር ደመወዝ ዲሴምበር 20 ገደማ ይለቃል። ውሳኔው ለፈረንጅ ገና የታሰበ ነው፤ ለኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ግን ገንዘቡ ከበዓሉ 18 ቀን ቀድሞ ይመጣና ቀጣዩ ደመወዝ እስከ ጃንዋሪ 31፣ ማለትም 42 ቀን ድረስ አይገባም። እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ካላችሁ የምትጠይቁት «ቶሎ ክፈሉ» ብላችሁ ሳይሆን «የኛን በዲሴምበር 31 ተዉልን» ብላችሁ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ለሚከፍሉ ነው።

አማራጮቹን የምንለካባቸው መስፈርቶች

*እስከሚቀጥለው ደመወዝ ያለው ርቀት።* ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ሆኖ ሳለ በስብሰባ ላይ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። የታኅሣሥን ደመወዝ ታኅሣሥ 24 ከፍላችሁ የጥርን በጥር 30 ከከፈላችሁ በመካከሉ 36 ቀን አለ። ሠራተኛ የዚህን ዓይነት ርቀት በዓመት አንድ ጊዜ ያውቀዋል፤ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30፣ ጳጉሜን ስትገባበት፣ 35 ቀን ነው። ሙሉ ደመወዝ አስቀድሞ መክፈል ዓመቱ መሐል ላይ ሌላ ጳጉሜን መጨመር ነው። በዚያ ላይ ጥር 11 ጥምቀት አለ። የቤት ኪራይም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ አከራይ ደመወዝ ቀድሞ ስለገባ ቀኑን አይለውጥም።

*እስካሁን የተሠራበት ገንዘብ።* ታኅሣሥ 24 ላይ ሠራተኛው ከወሩ 30 ቀን 24ቱን አገባዷል፤ የወሩን ደመወዝ 80 በመቶ ሠርቶበታል ማለት ነው። ከዚያ በታች የምትሰጡት ገንዘብ ብድር ሳይሆን የራሱ ነው። ሙሉውን ብትሰጡና ሠራተኛው በማግስቱ ቢለቅ እንኳ የምታጡት ያልተሠራበትን 20 በመቶ ነው፤ የ12,000 ብር ደመወዝተኛ ከሆነ 2,400 ብር። «ከፍለነው ቢጠፋስ?» የሚለው ሥጋት ብዙ ጊዜ ከልኩ በላይ ይጋነናል።

*የድርጅቱ ጥሬ ገንዘብ።* ቀድሞ የሚወጣው የተጣራው ደመወዝ ብቻ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር 2,250 ብር ነው (12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ)። የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 840 ብር፣ የአሠሪው 11 በመቶ 1,320 ብር ይሆናል። ሌላ ተቀናሽ ከሌለ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 8,910 ብር ነው። ድርጅቱ ለዚህ ሰው በወር ከሚያወጣው 13,320 ብር ውስጥ 4,410ው ለግብርና ለጡረታ የሚሄድ ስለሆነ ወሩ ካለቀ በኋላ ባለው የ30 ቀን ጊዜ ይከፈላል፤ ገና አይነካውም። ስለዚህ ለበዓሉ ቀድማችሁ የምታዘጋጁት ከጠቅላላ የደመወዝ ወጪያችሁ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው።

*ሕጉ።* በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የክፍያ ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ክፍያው ወደ ቀዳሚው የሥራ ቀን ይመጣል። ቀድሞ መክፈልን የሚከለክል የለም፤ ማዘግየት ግን አይቻልም። የብድርም ሆነ የአድቫንስ (በቅድሚያ የተሰጠ ደመወዝ) ተመላሽ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። አንቀጽ 59 ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል።

*የሒሳብ ክፍሉ ጫና።* ሁለት ጊዜ መክፈል ሁለት ዝርዝር፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት የባንክ ደብዳቤ ነው። ለ15 ሰው ቀላል ነው። ለ600 ሰው ግን አይደለም።

አማራጭ 1፦ ቀኑን አለመንካት

ታኅሣሥ 30 የክፍያ ቀን ሆኖ ይቀጥላል። ርቀቱ 30 ቀን ነው፤ የሒሳብ ሥራው አይለወጥም። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው ለበዓሉ ይበደራል። ቅርጫ የሚገባ ሰው መዋጮውን በዓሉ ሳይደርስ መክፈል አለበት፤ ደመወዙን ጠብቆ የሚገባበት ቅርጫ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2020 ዓ.ም. እንዲህ ነው፤ በዓሉ ዓርብ ታኅሣሥ 28፣ ታኅሣሥ 30 ደግሞ እሑድ ይሆናል። ቅዳሜ የማይሠራ ድርጅት ከሆናችሁ ቀዳሚው የሥራ ቀን ሐሙስ ታኅሣሥ 27 ነው። «ቀኑን አንነካም» ያለ ድርጅት ሳያስበው ለበዓሉ ዋዜማ ደመወዝ ማድረስ ይኖርበታል ማለት ነው።

አማራጭ 2፦ ሙሉውን ደመወዝ አስቀድሞ መክፈል

በብዙ ቦታ የሚመረጠው ይህ ነው፤ አንድ ዝርዝር፣ አንድ ክፍያ፣ ሠራተኛውም በዚያ ቀን ደስ ይለዋል። ዋጋው የሚታየው ጥር 20 አካባቢ ነው። የአድቫንስ ማመልከቻ የሚደራረበው ያኔ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ከበዓሉ ጭንቅ ያወጣችሁት ሰው ጥር ላይ ተመልሶ ይመጣል።

መፍትሔው ቀኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ መመለስ ነው። የታኅሣሥን ታኅሣሥ 24፣ የጥርን ጥር 27፣ የየካቲትን የካቲት 30 ክፈሉ። አንዱ የ36 ቀን ርቀት ለሁለት የ33 ቀን ርቀቶች ይከፈላል። ድርጅቱን የሚያስወጣው የጥርን ደመወዝ በሦስት ቀን ማስቀደም ብቻ ነው። ይህን የማታደርጉ ከሆነ ሙሉ ክፍያ ማስቀደሙን ባትመርጡት ይሻላል።

ሌላው ጣጣ የትርፍ ሰዓት ነው። ዝርዝሩ ታኅሣሥ 18 ከተዘጋ ከዚያ በኋላ የተሠራው ትርፍ ሰዓት፣ ከሁሉ በላይ በአዋጁ ቢያንስ በእጥፍ የሚከፈለው የበዓሉ ቀን ሥራ፣ ወደ ጥር ዝርዝር ይሻገራል። የጥበቃ፣ የሆቴል፣ የሆስፒታል ሠራተኛ «የገናዬን በላችሁብኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። የደመወዝ መግለጫው ላይ «ከታኅሣሥ 19 እስከ 30 ያለው ትርፍ ሰዓት ከጥር ጋር ይከፈላል» ብላችሁ ጻፉ።

አማራጭ 3፦ የወሩን ደመወዝ ለሁለት ከፍሎ መስጠት

ታኅሣሥ 22 ገደማ የተጣራውን ግማሽ፣ ቀሪውን ታኅሣሥ 30። የ12,000 ብር ሠራተኛችን 4,455 ብር ለበዓል ይይዛል፤ ሌላው 4,455 ብር ለኪራይና ለጥምቀት በቀኑ ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ክፍያ ከጥር 30 ያለው ርቀት 30 ቀን ሆኖ ይቀራል። የተሰጠውም ከተሠራበት በታች ስለሆነ ድርጅቱ ሥጋት የለበትም። ከ100 ሰው በታች ላለው ድርጅት ይህን እናስቀድማለን።

የሚበላሸው ግብሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በቅድሚያ የተከፈለ ሒሳብ ሆኖ ይመዝገብ፤ ግብሩ አንድ ጊዜ፣ በሙሉው የወር ደመወዝ ላይ፣ በመጨረሻው ዝርዝር ይሰላ። አንዳንድ የፔሮል (የደመወዝ ማስሊያ) ሶፍትዌር ግን ሁለቱን ክፍያዎች እንደ ሁለት ወር ይቆጥራቸዋል። 6,000 ብር ላይ 700 ብር፣ ሁለት ጊዜ 1,400 ብር ይቆርጣል፤ ትክክለኛው 2,250 ነው። የጎደለው 850 ብር በየሰዉ ሲባዛ በኦዲት ጊዜ ከነቅጣቱ የሚጠየቀው አሠሪው ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ የታኅሣሥንና የጥርን ደመወዝ ባንድ ዝርዝር ከተቱት 24,000 ብር እንደ አንድ ወር ተቆጥሮ ግብሩ 6,350 ይሆናል፤ የሁለቱ ወር ትክክለኛ ግብር ግን 4,500 ነው። 1,850 ብር ከሠራተኛው ኪስ ያለአግባብ ይወጣል። እያንዳንዱ ወር የራሱ ዝርዝር ይኑረው፤ ገንዘቡ የወጣበት ቀን ምንም ይሁን።

የባንክ ብድር ያለበትን ሠራተኛም አስታውሱ። ባንኩ ደመወዝ ሲገባ ወዲያው የሚቆርጥ ከሆነ የወሩ ተከፋይ ሙሉ በሙሉ ከመጀመሪያው ግማሽ ላይ ይነሣና ለበዓሉ የቀረ ነገር አይኖርም። ሠራተኞቹ የመቁረጫ ቀኑን ከባንካቸው ጠይቀው እንዲያውቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አማራጭ 4፦ በማመልከቻ አድቫንስ መስጠት

ደመወዙ በቀኑ ይከፈላል፤ የፈለገ ብቻ ቅድሚያ ይወስድና በሁለት ወይም በሦስት ወር ይመልሳል። ሁሉም ገናን ስለማያከብር ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ሙስሊሙ ሠራተኛ በዚያው ደንብ ለኢድ ይጠይቃል።

መጠኑን ስትወስኑ ከሲሶው ተነሡ። የ12,000 ብር ሲሶ 4,000 ብር ነው። ሠራተኛው ለብድርና ቁጠባ ማኅበር 1,500፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጅ ቀለብ 1,000 ብር የሚቆረጥበት ከሆነ የቀረው ቦታ 1,500 ብር ነው። ስለዚህ 4,500 ብር አድቫንስ ከጥር ጀምሮ በሦስት ወር ይመለሳል፤ በአንድ ወር ልቁረጥ ማለት አይቻልም። ማመልከቻው ላይ አራት ነገር ይኑር፦ የገንዘቡ ልክ፣ በየወሩ የሚቆረጠው፣ የሚጀምርበት ወር፣ ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ ቀሪው ከመጨረሻ ክፍያው እንደሚታሰብ የሚገልጽ የፈረመበት ዓረፍተ ነገር። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ድክመቱ ሠራተኛው መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። አለቃውን ማስቸገር የሚያፍር ሰው አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየወሩ የሚጠይቀው ሰው ነው። ማመልከቻው በቅርብ አለቃ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለሒሳብ ክፍል ቢገባ ይህ በመጠኑ ይቃለላል።

አማራጭ 5፦ የክፍያ ቀኑን ለዘለቄታው ወደ 25 ማምጣት

ከኅዳር 30 ወደ ታኅሣሥ 25 ስትሸጋገሩ 25 ቀን፣ ከዚያ ወደ ጥር 25 ደግሞ 30 ቀን ነው። ከጳጉሜን በቀር ረጅም ርቀት የሚባል ነገር የለም፤ በየዓመቱ ያው ክርክር አይነሳም። ድርጅቱ የሚከፍለው የአምስት ቀን ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ይህ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ገቢያችሁ በወር መጨረሻ ደንበኛ ሲከፍል የሚመጣ ከሆነ በየወሩ ከባንክ ትርፍ ብድር ትጠይቃላችሁ፤ ወለዱ ይበላችኋል። የክፍያ ቀኑ በሥራ ውል፣ በደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ከተጻፈ ማሻሻል ያስፈልጋል። የሰዓት ቁጥጥሩ መዝጊያም ለሁሉም ወር ወደ 18 ወይም 20 ይመጣል።

የበዓል ጉርሻ በቀን ለውጥ ፋንታ?

አቅም ያለው ይስጥ፤ ግን የቀኑን ጥያቄ አይመልስም። 3,000 ብር ጉርሻ ከ12,000 ብር ደመወዝ ጋር ተደምሮ ሲሰላ 950 ብር ግብር ይነሣለታል፤ ሠራተኛው የሚያገኘው 2,050 ብር ነው። «3,000 ብር ተሰጥቷችኋል» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ቅሬታ ይወልዳል፤ የተጣራውን ተናገሩ።

ባጭሩ

| አማራጭ | ከመጨረሻው ክፍያ እስከ ቀጣዩ | ቀድሞ የሚወጣ ገንዘብ (በ12,000 ብር ደመወዝ) | የድርጅቱ ሥጋት | የሒሳብ ሥራ |
|---|---|---|---|---|
| 1. ቀኑን አለመንካት | 30 ቀን | የለም | የለም | እንደወትሮው |
| 2. ሙሉውን ታኅሣሥ 24 | 36 ቀን (በደረጃ ሲመለስ 33 እና 33) | 8,910 ብር | የ6 ቀን ደመወዝ | አንድ ዝርዝር፣ ትርፍ ሰዓት ይሻገራል |
| 3. ግማሽ በግማሽ | 30 ቀን | 4,455 ብር | የለም | ሁለት ክፍያ፣ ግብር አንድ ጊዜ |
| 4. አድቫንስ | 30 ቀን | እንደ ጠያቂው | ያልተመለሰው ቀሪ | ከፍተኛ፣ የየሰው ክትትል |
| 5. በቋሚነት ወደ 25 | 30 ቀን | 8,910 ብር፣ በየወሩ | የ5 ቀን ደመወዝ | ከሽግግሩ በኋላ እንደወትሮው |

ለየትኛው ድርጅት የትኛው?

እስከ 100 ሠራተኛ ያለው፣ ደመወዙ በብዛት ከ15,000 ብር በታች የሆነ ድርጅት ሦስተኛውን ይያዝ። ደመወዙ ዝቅ ባለ ቁጥር የጥር ርቀት የበለጠ ስለሚጎዳ ሙሉ ክፍያ ማስቀደሙ የሚመስለውን ያህል ደግነት አይደለም።

በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይቸገራል። ሁለተኛውን በደረጃ እየመለሰ ይጠቀም፤ ሠራተኛ ማኅበር ካለ ደግሞ አምስተኛውን በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ያቅርበው።

የጥሬ ገንዘብ እጥረት ያለበት ድርጅት አራተኛውን ይምረጥ፤ ለአድቫንስ የሚውለውን ጠቅላላ ገንዘብ ቀድሞ ይወስን፤ ከበዛ ደግሞ ለሁሉም ጠያቂ በእኩል መቶኛ ይቀንስ። ቀድሞ የመጣ ይቅደም ማለት የሌሊት ተረኞችን ያስቀራል።

በየ15 ቀኑ ለሚከፈላቸው የቀን ሠራተኞች ከዚህ ሁሉ አንዱም አያስፈልግም። የሁለተኛውን 15 ቀን ሒሳብ ታኅሣሥ 27 ላይ ዝጉና እስከዚያ የሠሩትን ክፈሉ።

የጊዜ ሰሌዳውና የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ታኅሣሥ 10 ውሳኔው በጽሑፍ ይውጣ፤ ማስታወቂያው የሚከፈልበትን ቀን ብቻ ሳይሆን *የሚቀጥለውን ደመወዝ ቀንም* ይናገር፤ «ለዚህ ዓመት ብቻ» የሚለውም ይግባ። ታኅሣሥ 18 የሰዓት ቁጥጥር ይዘጋ። ታኅሣሥ 20 ዝርዝሩ ተፈርሞ ይለቅ። ግማሽ በግማሽ የምትከፍሉ ከሆነ በዚያው ቀን ባንክ ይድረስ፤ ሙሉውን ታኅሣሥ 24 የምትከፍሉ ከሆነ ታኅሣሥ 22 ይበቃል። በ2019 ዓ.ም. ታኅሣሥ 24 ቅዳሜ ስለሚሆን የሐሙሱን ቀን አታሳልፉ።

ሠራተኞቹ የተለያየ ባንክ የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ የሥራ ቀን ጨምሩ። ወደ ሌላ ባንክ የሚሄድ ገንዘብ በስም ወይም በሒሳብ ቁጥር ስሕተት ከተመለሰ እንደገና የሚላክበት ቀን ያስፈልገዋል፤ የበዓል ሳምንት ላይ ያ ቀን አይገኝም። አዲስ የተቀጠሩትን ሒሳብ ቁጥር አስቀድማችሁ በትንሽ ገንዘብ ፈትኑ።

ክፍያው ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ሁሉ ቀላሉ ደግሞ ፈራሚ ማጣት ነው። የባንክ ደብዳቤ ላይ ሁለት ፊርማ የሚያስፈልግ ሆኖ አንደኛው ፈራሚ ለበዓሉ ወደ ቤተሰቡ ከሄደ ዝርዝሩ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። የፈራሚዎችን የፈቃድ ቀን ታኅሣሥ 10 ላይ ጠይቁ፤ ተለዋጭ ፈራሚ ማስመዝገብ ካስፈለገም ባንኩ ቃለ ጉባኤ ስለሚጠይቅ ያንኑ ሳምንት ጀምሩ።